ሜዳ ላይ የምትጠጣው መኪና

በእኛ ጊዜ ለድሬዳዋ መካኒክ የመጨረሻው ፈራጅ ደንገጎ ነበር። ወደ ሐረር የሚያወጣውን ያንን ዳገት ማለቴ ነው። ሰው መኪናዬ ታመመች ብሎ ሲመጣ መጀመሪያ ኮፈን እንከፍታለን፣ እንነካካለን፣ የሠሪዋን አገር እንሳደባለን። በመጨረሻ ግን መኪናዋን ይዘን ደንገጎን እንወጣለን። ሳትንተፋተፍ፣ ሳታጨስ፣ ውኃ ሳታፈላ ጫፍ ከደረሰች ጤነኛ ናት፣ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ነገር የሚያነሳ ሰው ወይ መንዳት አይችልም ወይ ውሸታም ነው እንል ነበር። እኔማ ከሁሉም ብሼ ወረቀት ላይ ሳይቀር "ደንገጎ ተፈትናለች" ብዬ እጽፍ ነበር። ከማኅተም የሚበልጥ ይመስለኝ ነበር።

ይህን የማወራው ለጉራ አይደለም። ጉራዬን ያኔ ጨርሼዋለሁ። በዚያ ዳገት የተነሳ በአንድ ሰው ላይ ያደረግሁት ነገር አለ፤ ዛሬ እንኳ ብቻዬን ሆኜ ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ደርግ ሊወድቅ ጥቂት ዓመታት ሲቀሩት ነው። የአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጋራዥ ኃላፊ ነበርኩ። አባቴ ዕድሜውን ባቡር ላይ የጨረሰ ሰው ስለነበር የብረት ሥራ በደሜ ያለ ይመስለኝ ነበር። ጆሮዬን ወደ ሞተር አስጠግቼ የትኛው ካንዴላ እንደሰነፈ እናገር ነበር። አቦ፣ ውሸት የለውም፣ እናገር ነበር! ክፋቱ ሌላ ነው። የማላውቀው ነገር ሲገጥመኝ ፊቴ ላይ ምንም እንዳይነበብ አድርጌ መቆም ለምጄ ነበር። ሰው ጠይቄ አላውቅም። መጠየቅ ከኃላፊነት ዝቅ ማለት ይመስለኝ ነበር።

አንድ ቀን በጅቡቲ በኩል አንዲት ነጭ መኪና መጣችልን። በእርዳታ የተሰጠች፣ ውጭ አገር ያገለገለች፣ ግን ዓይን የምትስብ ነበረች። ኮፈኗን ከፈትኩ፤ ካርቡራተር የላትም። ቤንዚኑ በቀጫጭን አፍንጫዎች ነው የሚረጨው። ምን ያህል እንደሚረጭ የሚያዝዝ አንድ ትንሽ ሣጥን ከዳሽቦርዱ ሥር ተቀምጧል። ከሥሯ ገብቼ ሳይ ደግሞ ከሞተሩ በሚወጣው የጭስ ቱቦ ላይ ካንዴላ የመሰለ ነገር ተክለውበታል። ከዚያ ሦስት ሽቦ ይወጣል፤ ሁለት ነጭ፣ አንድ ጥቁር። ጭስ ውስጥ ሽቦ ምን ይሠራል? ትንሽ አየሁት። ከዚያ ወጣሁና እጄን በጨርቅ ጠረግሁ። "የፈረንጅ ማስጌጫ ነው" አልኳቸው ለሠራተኞቼ፤ እነሱም አመኑኝ።

የመኪናዋ ሾፌር ከእኔ አሥር ዓመት የሚበልጥ የመጋላ ሰፈር ሰው ነበር። ብዙ አያወራም። ጠዋት መኪናዋን ሳያጥብ ቁልፍ አያዞርም። ታላቄ ቢሆንም እንደ ድሬ ልጅ "አንተ" ነበር የምንባባለው፤ ንቀት የለበትም፣ ደንባችን ነው። ሥራው ከተማ ውስጥ ነው። ከከዚራ ሰፈር መጋላ፣ ከመጋላ ባቡር ጣቢያ፣ ከዚያ ደግሞ ገበያ፤ ትንሽ ይነዳና ይቆማል። የመሥሪያ ቤታችን ኃላፊ ሲወርዱ ሞተር እንዲጠፋ አይወዱም። "መጣሁ" ይሉና ግማሽ ሰዓት ይቀራሉ፣ ሾፌሩም ሞተሩን አስነስቶ ይጠብቃል።

ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ጋራዥ መጣ።

"መኪናዋ ቤንዚን ትጠጣለች" አለኝ። "የወሩን ኩፖን በሁለት ሳምንት ጨረሰችው።"

"ሁሉም መኪና ቤንዚን ነው የሚጠጣው። ጠላ ያማረው የለም" አልኩት። ሠራተኞቹ ሳቁ።

"ስማኝማ። አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ዳገት ላይ ደህና ናት። ሐረር ደርሰን ስንመለስ ቤንዚኗ አይነካም። ሜዳ ላይ፣ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው የምትጠጣው። ጭሷም ይጠቁራል።"

ወይ ጉድ! ሃያ ዓመት መኪና ስፈታ እንዲህ ያለ ነገር ሰምቼ አላውቅም። "ዳገት ላይ እየጾመች ሜዳ ላይ የምትገድፍ መኪና ካለች አሳየኝና እኔም ልግዛት!" አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። ጋራዡ በሳቅ ፈረሰ። አንዱማ ክሪክ ከእጁ ወደቀ።

እሱ አልሳቀም። "ወላሂ እውነቴን ነው" አለ። "ከእኔ ጋር አንድ ጠዋት ተቀመጥ። እኔ እንደምነዳት ንዳት፣ እኔ እንደማቆማት አቁማት። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን በል። መጽሐፏም እዚያው መሳቢያዋ ውስጥ አለ። በፈረንሳይኛ ነው፣ ግን የሚያነብልህ የባቡር ጡረተኛ ሞልቷል።"

በሠራተኞቼ ፊት መጽሐፍ አንብብ ተባልኩ። ደሜ ፈላ። "መንዳት ሥራህ ነው፣ ንዳ" አልኩት። "እኔን ልታስተምረኝ አትምጣ።"

ቁልፉን ይዞ ወጣ። ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። እኔ ያኔ ከአፌ የወጣው ነገር ቀልድ ብቻ መስሎኝ ነበር።

በሚቀጥለው ወር ኩፖኑ በአሥረኛው ቀን አለቀ፣ ነገሩም የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ ዘንድ ደረሰ። የዚያን ዘመን ያየ ያውቀዋል፤ የመንግሥት ቤንዚን ጠፋ ማለት ቀልድ አይደለም። "የኢኮኖሚ ሻጥር" የሚል ስም አለው፣ ሰው ያሳስራል። በጀሪካን እየቀዱ የሚሸጡ ሾፌሮችም ነበሩ፣ አልነበሩም አልልም። ስለዚህ ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ፤ ቤንዚኑን የበላችው መኪናዋ ናት ወይስ ሰውየው? መልሱን እንድሰጥ የታዘዝኩት እኔ ነበርኩ።

የመኪናዋን የቤንዚን ታንክ ሞላን። ከአንድ የኮሚቴ አባል ጋር ሆነን ወደ ደንገጎ ወጣን። መቼም ያን ቀን እንደሄደችው! ጥምዝምዙን ሁሉ እንደ ፍየል ወጣችው። ጫፍ ደርሰን ካንዴላ ፈታሁ፤ ንጹሕ ነው፣ ጥላሸት የለውም። ተመልሰን ታንኩን ስንሞላ የጎደለው ቤንዚን ከጠበቅነው በታች ሆነ። የኮሚቴው አባል ጠንቃቃ ሰው ነበር። ክሪክ ላይ ሰቅለናት ከሥር አየና ጣቱን ወደ ጭስ ቱቦው ቀሰረ።

"ይህች ሽቦ ያላት ነገር ምንድን ናት?"

"የሙቀት መለኪያ ናት። ከቤንዚን ጋር ግንኙነት የላትም" አልኩት።

ዓይኔን አላሸሸሁም። ከየት እንዳመጣሁት እኔም አላውቀውም። ለማላውቀው ነገር ስም ሰጥቼ፣ ሥራ ሰጥቼ፣ ነጻ አውጥቼ ለቀቅኳት።

ሾፌሩ የጋራዡ ግቢ ውስጥ አሮጌ ጎማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቀኝ ነበር። ስወጣ ተነሳ። "ከተማ ውስጥስ ነዳሃት?" አለኝ።

"አያስፈልግም። ደንገጎን ወጥታለች።"

"እኔ እኮ ዳገት ላይ ደህና ናት ብዬህ ነበር" አለ። ድምፁ አልጮኸም። የሚለምን ሰው ድምፅ ነበር፣ እኔም አልፌው ሄድኩ። ወረቀቱን ጻፍኩ፤ "መኪናዋ ደንገጎ ተፈትና ሙሉ ጤነኛ ሆና ተገኝታለች። ለቤንዚኑ መብዛት ምንም የቴክኒክ ምክንያት የለም።" ፈረምኩበት። ከቀትር በኋላ ሁለት ሰዎች መጥተው ሾፌሩን አስረው ወሰዱት። ከሠራተኞቼ አንዱ "የሌባ ዓይነ ደረቅ መልሶ ልብ ያደርቅ" አለ፣ ራሴን ነቀነቅሁ።

ለመኪናዋ አዲስ ሾፌር ተመደበላት። ይኼኛው የፓርቲ አባል ነው፣ ማንም በክፉ የማያነሳው። ሦስት ሳምንት ሳይሞላው ኩፖኑን ጨርሶ መጣ። የሚገርመው ነገር እሱን ሌባ ያለው ሰው የለም። "መኪናዋ ትታይ" ተብሎ ወደ እኔ ተላከች።

ያን ጊዜ ተጠራጠርኩ። ሠራተኞቼን አስወጥቼ ካንዴላዎቿን ፈታሁ። ከከተማ ሥራ ነበር የመጣችው፤ አራቱም እንደ ከሰል ጠቁረዋል። ቤንዚን አብዝታ እንደምታቃጥል ከዚህ በላይ ምስክር የለም። መሳቢያዋን ስከፍት መጽሐፉ ተቀምጧል።

ከዚራ ጎረቤቴ የሆኑ የባቡር ጡረተኛ ነበሩ፣ ፈረንሳይኛ እንደ ውኃ የሚጠጡ። መጽሐፉን ይዤ ሄድኩ። ዛፍ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉና ሥዕሏን አገኘንላት፤ ያችን ባለ ሦስት ሽቦ። እያነበቡ ነገሩኝ። ይህች ዕቃ ጭሱን ታሸታለች አሉ። በጭሱ ውስጥ ኦክስጅን ተርፎ እንደሆነ አይታ ለሣጥኑ ቤንዚን ጨምር፣ ቤንዚን ቀንስ ትለዋለች። ግን ካልጋለች አታሸትም። ቶሎ እንድትግል በውስጧ የራሷ ማሞቂያ አላት፤ ሁለቱ ነጭ ሽቦዎች የማሞቂያው ናቸው።

"በድሬ ሐሩር ማሞቂያ!" ብለው ሳቁ ሽማግሌው። "እነዚህ ሰዎች አብደዋል እንዴ?" ከዚያ ጣታቸውን ወደ ታችኛው መስመር አወረዱ። "ማሞቂያው ከተቋረጠ ዕቃዋ በዝግታ ጉዞ ላይ፣ በየቦታው መቆም ባለበት ከተማ ውስጥ አትሠራም፣ ሣጥኑም በግምት ቤንዚን ያበዛል ይላል። በረጅም መንገድና በዳገት ላይ ግን ጭሱ ራሱ ስለሚያግላት ችግሩ ላይታይ ይችላል።"

"እስቲ ይድገሙልኝ" አልኳቸው።

ደገሙልኝ። ሾፌሩ የነገረኝ ቃል በቃል ነው። ፈረንሳይኛ የማያነብ፣ መፍቻ ይዞ የማያውቅ ሰው መሪ ላይ ተቀምጦ ብቻ ያወቀውን ነገር እኔ አሥቄበታለሁ። ሽማግሌው "ምነው፣ አመመህ?" አሉኝ። ፀሐዩ ነው አልኩ።

በማግስቱ ጠዋት መኪናዋ ሳትነዳ ከሥሯ ገባሁ። የሦስቱን ሽቦ መጋጠሚያ ፈታሁና በቴስተር ሁለቱን ነጮች ለካሁ። መርፌው ንቅንቅ አላለም። ማሞቂያው ተቋርጧል ማለት ነው። መጋጠሚያውን መልሼ ጥቁሩ ላይ ቴስተሩን አሰርኩና ሞተሩን አስነሳሁ። ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ቆሜ ጠበቅሁ፤ መርፌው ተኝቷል። ከዚያ ሽቦውን በመስኮት አስገብቼ ቴስተሩን ወንበር ላይ አስቀመጥኩና ወደ ደንገጎ ነዳሁ። ሁለተኛው ጥምዝምዝ ላይ መርፌው መወዛወዝ ጀመረ፤ ወጣ ወረደ፣ ወጣ ወረደ። ዕቃዋ ነቃች። እኔ የፈተናዬ ንጉሥ ያደረግሁት ዳገት በሽታዋን የሚደብቅላት ዳገት ነበር።

መኪናዋን ዳር አቁሜ ወረድኩ። 

ጋራዥ ተመልሼ ሽቦውን ተከተልኩት። አንደኛው ነጭ ሽቦ ከማሰሪያው ወልቆ የጋለውን ቱቦ ነክቷል፣ ተቃጥሎም ተበጥሷል። ሁለቱን ጫፎች አጋጠምኩ፣ ሙቀት በሚችል ነገር ጠቀለልኩ፣ ከቱቦው አርቄ አሰርኩ። ግማሽ ሰዓት አልፈጀም። ለዚያ ግማሽ ሰዓት ሰው ታስሯል! የተቃጠለው ጫፍ ላይ ደግሞ የወራት ጥላሸትና አቧራ ነበረበት፤ የትናንት ቁስል እንዳልሆነ ሕፃን ልጅ ያውቀዋል።

ወደ መሥሪያ ቤቱ ኃላፊ ቢሮ ሄድኩ። መንገድ ላይ ሁሉንም እናገራለሁ እያልኩ ነበር፣ እውነቴን ነው። "ጓድ ኃላፊ፣ ቤንዚኑን የበላችው መኪናዋ ነበረች" አልኩና ስለ ሽቦዋ ነገርኳቸው።

ሰምተው ሲጨርሱ መሳቢያቸውን ከፍተው አንድ ፋይል አወጡ። "ሰውየው እኮ አምኗል። ፈርሟል" አሉኝ። አራት ቀን ካደ፤ በአምስተኛው ቀን መርማሪዎቹ የእኔን ወረቀት አነበቡለት። ከዚያ ፈረመ። ከፊርማው በላይ በራሱ እጅ ጽሑፍ "ባለሙያው እንዲህ ካለ እኔ ምን እላለሁ" ብሎበታል።

"አሁን አንተ የምትለኝ ንጹሕ ሰው አስረናል ነው?" አሉኝ። "እንግዲያውስ ያሳሰረው ማን ነው?"

ዓይናቸውን አየሁት። ሻጥር የሚለው ቃል ሾፌር ብቻ እየመረጠ አይወድቅም።  "ሽቦዋ... ሰሞኑን የተቃጠለች ትመስለኛለች" አልኩ።

"ሰሞኑን?"

"አዎ። ሰሞኑን።"

"እንደሱ ብለህ ጻፍ" አሉኝ። ጻፍኩ። በመጀመሪያው ወረቀት አላወቅሁም ነበር ልል እችላለሁ። ለሁለተኛው ግን ምን እላለሁ? እያወቅሁ ነው የጻፍኩት፣ ቀንም አድርጌበታለሁ።

ዓመት ሊሞላው ሲል ተፈታ። መፈታቱን የሰማሁት ከሰው ነው፤ በሄደበት መንገድ ላለመሄድ እጠነቀቅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከገበያ ከባድ ዕቃ ይዤ ደቻቱ ወንዝ ዳር ቆሜ ጋሪ ጠራሁ። ጋሪው አጠገቤ ሲቆም ባለ ጋሪው እሱ ነው። ከስቷል። ጥርሱ ጎድሏል።

"ውጣ እንጂ" አለኝ። "ምን ትገተራለህ፣ ፀሐይ ነው።"

ወጣሁ። ከዚራ እስክንቃረብ የፈረሱን ኮቴ እየሰማሁ ሄድኩ። በመጨረሻ አልቻልኩም። "መኪናዋ ነበረች" አልኩት። "አንዲት ሽቦ ነበረች። አግኝቻታለሁ።"

ልጓሙን ሳበና ጋሪውን አቆመ። ዞሮ አየኝ፣ የተገረመ አይመስልም።

"እኔማ አውቃለሁ" አለ። "የምነዳት እኔ አልነበርኩ እንዴ?"



"ለእኔ መናገርህ ምን ያደርግልኛል?" አለኝ። "ሚስቴ ናት ያላወቀችው። ፊርማዬን አሳይተዋታል። ልጄን ትምህርት ቤት የቤንዚን ሌባ ልጅ ይሏታል፣ እሷም ታምናለች። እኔ አልሰረቅሁም ብላቸው የሌባ አፍ ነው፣ ማን ይሰማኛል? አንተ ግን ባለ ወረቀቱ ነህ። ሂድና ለእነሱ ንገራቸው። ኮሚቴ አልፈልግም፣ ሥራዬንም አልፈልግም። ቤቴ ውስጥ ሰው ልሁን፣ ይኸው ነው።"

"እሄዳለሁ። እናቴ ትሙት፣ እሄዳለሁ" አልኩት። ዕቃዬን አውርዶ እስከ በሬ ተሸከመልኝ።

ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። ዛሬ ሥራ በዛ፣ ነገ ሰው መጣ እያልኩ ቆየሁ። በመጨረሻ እሱ ጋሪው ላይ በሚሆንበት ሰዓት መጋላ ገባሁና ቤቱን ጠይቄ አገኘሁ። በሩን የከፈተችው ሚስቱ ናት። ልጅቷ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው፣ ምንጣፍ ላይ ደብተሯን ዘርግታ ትጽፋለች። ወንበር አቀረቡልኝ፣ ቀዝቃዛ ውኃ በብርጭቆ ሰጡኝ። የምናገረውን መንገድ ላይ አጥንቼው ነበር፤ ባልሽ አልሰረቀም፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ነው።

"ከጋራዡ ነህ አይደል?" አለችኝ ሴትየዋ ቀድማኝ። "አወቅሁህ። ወላሂ መምጣት የነበረብን እኛ ነን። እሄዳለሁ እያልኩ እግሬ እምቢ አለኝ፤ በምን ዓይኔ ልይህ? አምናችሁት ንብረት ሰጣችሁት፣ እሱ ያንን አደረገ። ስንት ዓመት እንጀራ የበላንበትን ቤት አዋረደው። አንተንም ኮሚቴ ፊት አቁሞ አስቸገረህ። በእሱ ፈንታ ይቅር በለን።"

"አይ፣ እኔ እንኳ..." አልኩ።

"አንቺም ተነሺና ይቅርታ በዪ" አለቻት ልጅቷን።

ልጅቷ እርሳሷን አስቀምጣ ተነሳች። መሬት መሬት እያየች "ይቅርታ" አለችኝ።

ቃሉ ጉሮሮዬ ድረስ መጥቷል። አንድ ጊዜ አፌን ብከፍት ይወጣ ነበር። ነገር ግን ሁለቱም በአክብሮት እያዩኝ ነው። ያንን አክብሮት በገዛ አፌ ልጥለው አቃተኝ።

"ግድ የለም" አልኳቸው። "ያለፈ ነገር ነው።"

ሴትየዋ ዓይኗ እንባ ሞላ። "አላህ ያክብርህ፣ አላህ ያክብርህ" እያለች እስከ መንገዱ ሸኘችኝ፣ እኔም አሜን አልኩ።